«ቴንኪው ቬሪ ማች» ያለን ሰውዬ አመስግኖን ነው?

የአንባቢ ደብዳቤ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። እንግሊዝ አገር የምኖር የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት ዓሣ ማጥመድ ያስለመዱኝ አንድ የአገሬ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በወር ሁለቴ ሦስቴ ትራውት የሚባለው ዓሣ ወደሚጠመድባቸው ትልልቅ ግድቦች ሄደን ጀልባ እንከራያለን። ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ ነን።

ችግሩ የሌሎች ጀልባዎች ነገር ነው። እኛ ነፋሱ ቀስ እያለ እየነዳን ስናጠምድ ከፊታችን ገብተው መልሕቅ ይጥላሉ። ሌላው ሞተሩን እያንባረቀ በአፍንጫችን ሥር ያልፋል። ጋሼ ደግሞ አይችሉም። በአማርኛ ይሳደባሉ፣ ከዚያ ሞተር አስነስተው እሳቸውም በተራቸው ሰው ፊት ይገባሉ። «ውኃው የማንም አይደለም፤ እኛም ከፍለናል» ይላሉ። ሲብስባቸው «እኛን ስላዩ ነው እንዲህ የሚያደርጉት» ይላሉ።

ባለፈው ወር ሁለት ሽማግሌዎች ውኃው ላይ በተዘረጋ ለስላሳ መስመር ጸጥ ብለው ያጠምዱ ነበር። ጋሼ መስመሩን በሞተር ሰንጥቀውት አለፉ። አንደኛው ሽማግሌ ክሩን ሰበሰበ፣ ቀና አለና «ቴንኪው ቬሪ ማች» አለን። ጋሼ እጃቸውን አውለበለቡለት። «አየህ የእነዚህን ሰዎች ጨዋነት? ላለፈ ላገደመው ሁሉ ያመሰግናሉ» አሉኝ። እኔ ግን የሰውዬውን ፊት አይቼዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዴን ይበላኛል። ጥፋተኛው ማነው? ጋሼንስ እንዴት ልንገራቸው? ዘንግ አያያዝ እንኳ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። — መሃል ላይ የቀረሁ»

መልስ

ውድ «መሃል ላይ የቀረሁ»፣

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ጋሼ እጃቸውን ሲያውለበልቡ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ቀጥሎ ግን አንገቴን ደፋሁ። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

በቅድሚያ ስለዚያ «ቴንኪው ቬሪ ማች»። እንግሊዞች ቅኔ የላቸውም ያለ ሰው ጀልባ ላይ ሆኖ አላስቀየማቸውም። ሰሙ ምስጋና ነው። ወርቁን እዚህ አልጽፈውም፤ ዓምዱን ልጆችም ያነቡታል። ሌላው ቢናደድ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የእንግሊዝ ሽማግሌ ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ቃሉም እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ፊቱን አይተህ የጠረጠርከው ልክ ነው። ሰውዬው አላመሰገናችሁም።

ጥፋተኛው ማነው ላልከው፣ ከፊታችሁ የገቡት አጥፍተዋል። ጋሼም አጥፍተዋል። ከሁሉም የባሰው ግን የጋሼ ነው፤ በዚያ ለስላሳ መስመር ላይ ያደረጉት ማለቴ ነው። ለምን እንደምል እንዲገባህ ጀልባዋ ምን እየሠራች እንደነበር ላስታውስህ።

እናንተ የምታጠምዱበት መንገድ «ሎክ ስታይል» ይባላል። ሎክ ስኮትላንዶች ሐይቅን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ አጠማመዱም ከዚያው ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ሐይቆች የመጣ ነው። ሞተር ይጠፋል። ጀልባዋ ጎኗን ለነፋስ ሰጥታ ትንሳፈፋለች። ሁለታችሁ ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ አጠር አጠር አድርጋችሁ ትወረውራላችሁ። ነፋሱ ከበረታ ደግሞ ከጀርባ በኩል ያችን የሸራ ፓራሹት፣ ድሮግ የሚሏትን፣ ውኃ ውስጥ ትለቃላችሁ። እንደ ፍሬን ትይዛለች። እያንዳንዱ ውርወራ ገና ማንም ያልነካው ውኃ ላይ ያርፋል። መንገዱ ሲያልቅ ሞተር አስነስታችሁ ዞር ብላችሁ ወደ ላይ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት፣ ትመለሳላችሁ፣ እንደገና ትወርዳላችሁ።

እንግዲህ የዚህ ሰው ሀብቱ ምንድነው? ከፊቱ ያለው ውኃ ነው። ከኋላው ያለው ታጭዷል፣ ከፊቱ ያለው ገና አልታጨደም። ጣጣው ማሳው የማይታይ መሆኑ ነው። መሬት ቢሆን ቡቃያው ይታያል፤ ሰው ገብስ ላይ ከብት አይነዳም። ውኃ ግን አጥር የለው፣ ድንበር የለው፣ ቡቃያ የለው። አዲስ ሰው ሁለት ሰው የተቀመጠባት ጀልባ ያያል። ከፊቷ መቶ ሜትር ሙሉ ባዶ ቦታ ያያል። «እሰይ፣ ሰው የለበትም» ብሎ ሰተት ይላል።

አንገቴን የደፋሁት እዚህ ጋ ነው። እኔም እንደዚያ ሰተት ብዬ ገብቻለሁ።

የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ጀልባ ይዘን ወጣን። ጥሩ የመሰለን ቦታ ስንደርስ መልሕቁን አንስቼ ከነሰንሰለቱ ወረወርኩት። ሰንሰለቱ የጀልባዋን ጠርዝ እየገረፈ ሲወርድ የወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መርከበኛ የሆንኩ መስሎኝ። ከላይ በኩል አንዲት ጀልባ ነፋሱ እየነዳት ወደ እኛ ትመጣለች። አንዲት ጠና ያሉ ሴትና አንድ ወጣት ተቀምጠውባታል። እየቀረቡ መጡ። ሴትዮዋ ክራቸውን ሰበሰቡ፣ ሞተሩን ዝቅ ባለ ድምፅ አስነሱ፣ በኋላችን በኩል ሰፋ አድርገው ዞሩ። ሲያልፉ «ቀናችሁ?» አሉን። እኔም በኩራት «አሁን መድረሳችን ነው!» አልኳቸው። «አዎ፣ አይተናል» አሉና ሄዱ።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ በዓመቱ ነው። አንድ የጀልባ ጓደኛዬ ስለ ሌላ ሰው ሲያማርር «ቁጭ ብለን እየወረድን መጥቶ ከፊታችን መልሕቅ ጣለ እኮ!» አለኝ። ሻዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ይህን የምነግርህ ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከፊታችሁ ከገቡት ሰዎች ብዙዎቹ እንደ እኔ ያሉ ናቸው ለማለት ነው። የጀልባ ኪራይ ሲከፈል ሞተር እንዴት እንደሚነሣ ያሳዩሃል፣ ላይፍ ጃኬት ያስለብሱሃል፣ አደገኛ ድንጋይ የት እንዳለ ይነግሩሃል። የነፋስ ማሳ የሚባል ነገር እንዳለ ቁጭ አድርጎ የሚነግርህ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ያለማወቅ ጥፋት ጥፋት መሆኑ አይቀርም። ግን ስድብ አይገባውም።

ወደ ለስላሳው መስመር ልመለስ። እሱ «ዊንድ ሌን» ይባላል፤ የነፋስ ጎዳና በለው። ነፋስ ባለበት ቀን ውኃው ሁሉ ሲሸበሸብ፣ በመሃል ዘይት የፈሰሰበት የመሰለ ጠባብ መስመር ይዘረጋል። በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ነፍሳት ሁሉ እዚያ ይከማቻል። ከግድቡ ሥር ጭቃ ወጥተው ክንፍ ሊያበቅሉ ወደ ላይ የሚመጡት፣ አጥማጆቹ «ባዘር» የሚሏቸው የማይናከሱ ትንንሽ ዝንቦችም እዚያው ናቸው። ሬይንቦ ትራውት ይህን ያውቃል። ከላዩ ሥር ሆኖ አፉን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ መስመሩን ተከትሎ እየለቀመ ይመጣል። እሱ ወደ ነፋሱ ይዋኛል፣ ጀልባዋ ከነፋሱ ጋር ትወርዳለች። ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ለአጥማጅ ከዚህ የበለጠ ቀጠሮ የለም። በቀን ውስጥ አንዴ ቢገኝ ነው፤ አንዳንድ ቀን ጨርሶ የለም።

ጋሼ በዚያ መሃል ነው በሞተር ያለፉት። ሽማግሌው ክሩን የሰበሰበው ለሰላምታ አይደለም። ቀኑ እዚያ ላይ አልቆበት ነው።

በነገራችን ላይ የጋሼ ስድብ ዓሣውን ብዙም አላስደነገጠውም። አየር ላይ የምናወራው ወሬ አብዛኛው ውኃው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ዓሣ የሚያሸብረው ጀልባዋን የሚነካ ድምፅ ነው። የጀልባ ወለል ከበሮ ነው። ቴርሞስ ሲወድቅ፣ ጫማ ሲረግጥ፣ ሰንሰለት ሲንኳኳ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ውኃው ይገባል፤ ውኃ ውስጥ ደግሞ ድምፅ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በአየር 340 ሜትር አካባቢ ነው። ትራውት ከጆሮው ሌላ በጎንና ጎኑ የተዘረጋ፣ የውኃ እንቅስቃሴ የሚሰማበት መስመር አለው። ስለዚህ ከባለንጀራህ ጋር ቀኑን ሙሉ ብትጫወት ችግር የለውም። እግርህን ብቻ ሰብስብ። አንዳንዶች ወለሉ ላይ ቁራጭ ምንጣፍ ያነጥፋሉ። መጀመሪያ ሳይ ቅንጦት መስሎኝ ነበር።

ከዚህ ተነሥተህ ደንቡን ራስህ ታወጣዋለህ። ሁልጊዜ ወረቀት ላይ ባይጻፍም የቆየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እየተንሳፈፈች የምታጠምድ ጀልባ ካየህ በኋላዋ እለፍ፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ማለቴ ነው። ሰፋ አድርገህ፣ ቀስ ብለህ። በፊቷ ማለፍ ግድ ከሆነብህ በጣም ርቀህ፣ ሞተሩን ዝቅ አድርገህ እለፍ። ብዙ ጀልባ በአንድ መስመር የሚወርድ ከሆነ ወረፋ ነው። ሄደህ ከላይ፣ ከመጨረሻዋ ጀልባ ኋላ ትሰለፋለህ። የራስህን መንገድ ጨርሰህ ስትመለስም እንደዚያው ነው። ባጠመድክበት ውኃ መሃል ሞተር እያንባረቅህ መውጣት የጎረቤትንም የራስህንም እንጀራ መርገጥ ነው። በዚህ በኩል ሁላችንም ሰነፎች ነን፤ ቀጥታው መንገድ አጭር ስለሆነ ያታልላል።

ከዳር ቆመው የሚያጠምዱትንም አትርሳ። እነሱ እግራቸው በቻለው ልክ ነው ውኃ ያላቸው። ብዙ ግድቦች ጀልባ ከዳር አጥማጅ እንዲርቅ በደንባቸው ያስገድዳሉ። 50 ሜትር ወይም 50 ያርድ የሚል ታገኛለህ፤ ከግድብ ግድብ ስለሚለያይ ፈቃድ ስትቆርጥ የሚሰጥህን ወረቀት አንብበው። ጀልባ ላይ ቆሞ መወርወርም አለ። በሎክ ስታይል ውድድር ላይ ተቀምጦ ማጥመድ ግዴታ ነው፣ ያለምክንያት አይደለም። የቆመ ሰው ለዓሣው ግንብ ሆኖ ይታየዋል፣ ለጀልባ ጓደኛው ደግሞ የሚወዛወዝ ጭንቀት ነው።

«ይህን ሁሉ ውኃ ይዘው ለምን እኛ ላይ ይመጣሉ?» ብለህ ይሆናል። ውኃው የምታስበውን ያህል ሰፊ አይደለም። ራትላንድ ዎተር በስፋቱ ከእንግሊዝ ግድቦች ሁሉ ትልቁ ነው፤ 11 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ከ3,000 በላይ ነው። ግራፍሃም የሚባለው ግድብ 6 ገደማ ነው፣ ቹ ቫሊ የሚባለው ደግሞ ወደ 5። የራትላንድን ደግሞ የሃምብልተን ልሳነ ምድር ለሁለት ክንድ ከፍሎታል። ዓሣውም በሁሉም ቦታ እኩል አይበተንም። ነፋሱ ምግቡን የገፋበት ይሄዳል፣ ሲሞቅ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ቦታ አንድ ዘንግ ጎብጦ ከታየ አለቀ። በመነጽር የሚቃኝ አለ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስድስት ጀልባ ይከባል። የውድድር ሰሞን ሲሆን ደግሞ የሚለማመዱት ይጨመራሉ፤ አብዛኞቹ እነሱ እንኳ ሥርዓቱን ያውቁታል። የሚያስቸግሩህ አውቀው የሚረሱት ናቸው። ዓሣ ሲታይ ይሉኝታ ይጠፋል።

«እኛን ስላዩ ነው» ስለሚለው በቀላሉ አላልፍም። የለም ብዬ አልዋሽህም። በሰው አገር ጥቁር ሆኖ መኖር ምን እንደሆነ አንተም ጋሼም ታውቁታላችሁ፤ ጋሼ ደግሞ ከአንተ በላይ ያዩት አለ። ግን አንድ ቀን ዘንጋችሁን አስቀምጡና ለአንድ ሰዓት ሌሎቹን ጀልባዎች ብቻ እዩ። እርስ በርሳቸውም እንዲሁ ናቸው። ነጩ በነጩ ፊት ይገባል፣ ሽማግሌው በሽማግሌው። ለእነሱም ያ ለስላሳ «ቴንኪው» ይወርድላቸዋል። አንድ ሰው ሆን ብሎ እናንተን ብቻ እየተከተለ ካስቸገረ፣ ወይም የሚያዋርድ ቃል ከተናገረ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። የጀልባዋን ቁጥርና ሰዓቱን ጽፋችሁ ሎጁ ውስጥ፣ ጀልባና ፈቃድ በሚሰጥበት ቤት፣ ላሉት ንገሩ። የኪራይ ጀልባዎች ላይ ቁጥር መጻፉ ለዚህም ይጠቅማል። ግን ከፊታችሁ የተጣለ መልሕቅ ሁሉ ንቀት አይደለም። የእኔ መልሕቅ ድንቁርና ብቻ ነበር።

አሁን በቀሉን እንየው። ጠዋት አንድ ሰው ከፊታቸው ገብቶ ጋሼን ቆረጣቸው እንበል። ከሰዓት ጋሼ ሁለት ሽማግሌዎችን ቆረጡ። ሽማግሌዎቹ ምን አደረጉ? ምንም። የበደለው ሰው ምናልባት ያን ሰዓት ዓሣውን አጥቦ ወደ ቤቱ እየነዳ ነበር። የሱን ዕዳ ሌሎች ከፈሉለት። የጋሼ ይብሳል ያልኩህ ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ሰው ምናልባት አያውቅም ነበር። ጋሼ ግን ያውቃሉ፤ የማያውቁ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ባልተናደዱ።

ወደፊት ሰው ሲቆርጣችሁ ምን ታደርጋለህ? ከሩቅ ሳለ እጅህን ከፍ አድርግ። መዳፍህን፣ ጣትህን አይደለም። በእንግሊዝኛ «ወደ እናንተ እየወረድን ነው» በላቸው፤ ረጋ ብለህ፣ መንገድ እንደጠየቀ ሰው። የማያውቅ ሰው ደንግጦ ይቅርታ ይጠይቅና ዞር ይላል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚያልቀው፣ ይገርምሃል። ከቀረበ በኋላ ከተናገርክ ግን ክርክር ነው የሚሆነው፤ መልሕቁን አንዴ የጣለ ሰው ማንሣት አይፈልግም። ሰምቶ ዝም ካለህ ክርህን ሰብስብ፣ በኋላው ዙርና ሌላ መንገድ ጀምር። ይቆጫል፣ አውቃለሁ። ግን ሰው እያየህ እየተብሰከሰክ የያዝከው ዓሣ የለም። ሎጁ የሚነገረው አደጋ ሲኖር ነው። በፍጥነት ተጠግቶ ጀልባህን ያናወጠ ወይም ክርህን በሞተሩ የጠቀለለ ሰው ካለ፣ ያን ጊዜ አትተወው። ሰው ውኃ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

እሺ፣ ጋሼ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል። አንተ ግን ሥራህ ዝንብ፣ ያችን ዝንብ የመሰለች ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ መወርወር ነው፤ ዝም ብለህ ልትቀር አትችልም። ደብዳቤህ ውስጥ ያለው ትክክለኛ ጥያቄም ይኸኛው ይመስለኛል። ያስተማረን ሰው እንዴት ይታረማል?

ውኃ ላይ አትናገራቸው። ጀልባ ላይ የሚሸሽበት ቦታ የለም፤ ትልቅ ሰው መሸሻ ሲያጣ ይቆጣል። ሰው ባለበትማ ጭራሽ። ከጥፋቱ በኋላ ወዲያውም አትናገር፤ ያኔ ወቀሳ ይሆናል። ጠዋት፣ መኪና ውስጥ፣ ገና ምንም ሳይሆን እንዲህ በላቸው፦ «ጋሼ፣ ዛሬ ሞተሩን እኔ ልያዝ። እርስዎ ዓይንዎን ውኃው ላይ ያድርጉልኝ፤ ዓሣ ሲነሣ ከእኔ ቀድመው የሚያዩት እርስዎ ነዎት።» ውሸት አይደለም መቼም፤ ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው። አምስት ዓመት ሞተር ይዘው ተንከራተዋል፣ ተራው የአንተ ነው። ጀልባዋን የሚመራው ደግሞ ሞተሩን የያዘው ሰው ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች እጀታ ላይ ነው።

ከዚያ አንተ ሰፋ አድርገህ፣ በሰው ኋላ ትዞራለህ። ጋሼ መቀመጫቸው ላይ ተቁነጥንጠው «ምን ያዞርሃል? ነዳጅ ልትጨርስ ነው እንዴ!» ይሉሃል። እርግጠኛ ነኝ። ያን ጊዜ ነው የምትናገረው። «ዓሣቸውን እንዳላስደነግጥባቸው ብዬ ነው፣ ጋሼ። እኛን ሲያደርጉን እንዴት እንዳቃጠለን ያውቁታል።» በቃ። አትጨምር። አንዷን ዓረፍተ ነገር ጥለህ ወደ ዘንግህ ተመለስ። ይህ ወቀሳ የለበትም፣ እንደውም የራሳቸውን ቁጭት ነው የመለስክላቸው። አይመልሱልህ ይሆናል። ዝም ካሉ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ካልገባቸውስ? ያኔ ፊት ለፊት መናገር ይኖርብሃል። ማታ፣ ዕቃው ተጭኖ ሲያበቃ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ። በራስህ ጀምር። «ጋሼ፣ ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ፊት ስናልፍ እኔም ዝም ማለቴ ቆጭቶኛል» በል። ልብ በል፣ «ስናልፍ» እንጂ «ሲያልፉ» አላልክም። ሞተሩን የያዙት እሳቸው ቢሆኑም ጀልባዋ የሁለታችሁ ነበረች፤ አንተም አፍህን ይዘህ ተቀምጠሃል። የ«ቴንኪው»ንም ወርቅ ያን ጊዜ ፍታላቸው። ሊቆጡ ይችላሉ። ሊስቁም ይችላሉ። እኔ የሚስቁ ይመስለኛል፤ እጅ ያውለበለበ ሰው ልቡ ክፉ አይደለም።

በዚህም ካልሆነ ደግሞ ወዳጅነቱን አታፍርስ፣ ጀልባውን ቀንስ። ከዳር ሆኖም ይጠመዳል። ጎን ለጎን ወንበር ዘርግታችሁ፣ ሻይ እየጠጣችሁ፣ ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበት ገብታችሁ። ከዳር የሚያጠምድ ሰው ማንንም አይቆርጥም። እንደውም ጀልባ መጥቶ ክሩ ሥር ሲያልፍበት ሌላው ወገን ምን እንደሚሰማው ቁጭ ብሎ ይማራል። ጋሼ በአንድ ከሰዓት በኋላ የጀልባ ሥርዓት ሊያስተምሩህ ይነሣሉ፣ ታያለህ።

ስለ ሁለቱ ሽማግሌዎች የጠየቅኸኝ ነገር የለም፤ እኔ ግን ላነሣው ነው። እንደዚያ ያሉ ሰዎች አንድ ግድብ ይዘው ዓመት ከዓመት ይመላለሳሉ። መገናኘታችሁ አይቀርም። ወይ ሎጁ ውስጥ ዓሣ ሲመዝኑ፣ ወይ ጀልባ ማሰሪያው ላይ። ጋሼ ይሁኑም አይሁኑ ሄደህ ተናገር። ረጅም ንግግር አይወዱም። «ባለፈው በዊንድ ሌናችሁ መሃል ያለፍነው እኛ ነን። ይቅርታ።» «ቴንኪው» ያላችሁ ሽማግሌ ምናልባት «የምን ነገር?» ብሎ ያስታወሰ አይመስልም። ያስታውሳል። ከዚያ ምን እየበላ እንደሆነ ጠይቀው፤ ዓሣው ማለቴ ነው። ምናልባት ሳጥኑን ከፍቶ አንዲት ቀጭን፣ ጥቁር ቡኒ ዝንብ ያሳይሃል። «ዲያውል ባኽ» ትባላለች፤ በዌልሽ ቋንቋ ትንሹ ሰይጣን ማለት ነው። ከሰጠህ ተቀበል። አንዷን ለጋሼ ስጥና ከማን እንደተላከች ንገራቸው።

ሞተሩን በያዝክ ቀን ደግሞ መልሕቅ መጣል ካስፈለገህ ሰንሰለቱን በእጅህ እየለቀቅህ፣ ቀስ አድርገህ አውርደው።